የብርቱካን ወጥ ቤት

«ሳንባው እኛ ጋ አይደለም የተበላሸው፤ እዚያው ቤቱ ነው» ይላሉ አቶ ሲራክ። በስልክ ነው የሚያወሩት፤ በሩ ገርበብ ብሏል። «ሚስቱ የምታበስለው በኩበትና በእንጨት ነው። ወጥ ቤቱ ከመኝታቸው ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የተያያዘው፤ ጭስ ማውጫ እንኳ የለውም። ምስክር አለን ስልህ! የገዛ ወንድሟ ነው።»

ማሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይህን ሲሰማ፣ ምስክር የተባለው የማን ወንድም እንደሆነ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው እጁን ከግድግዳው ላይ አነሣ። መርሳ ከተማ ጫፍ ባለው በዚህ የፍራሽ ፋብሪካ ሰባት ዓመት ሠርቷል፤ አሁን የማፍሰሻ ክፍሉ ፈረቃ ኃላፊ ነው። ፋብሪካውን የከሰሰው ሕመምተኛ ወንዳወቅ የታናሽ እህቱ የብርቱካን ባል ነው። ግራና ከምትባለው መንደር፣ ከሽንኩርት ማሳው አንስቶ እዚህ ያስገባውም ማሩ ራሱ ነው። «ሽንኩርት አንድ ዓመት ቢያስቅ ሁለት ዓመት ያስለቅሳል፤ ደመወዝ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል» ብሎ ነበር ያሳመነው። ወንዳወቅ አራት ዓመት ሠራ። በአምስተኛው ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ የሚያርፍ ሰው ሆነ። ዛሬ ወልድያ ላይ፣ የሠራተኛ ክስ የሚሰማው ቦርድ ፊት የመጨረሻ ቀጠሮው ነው። መንገዱ እየተዘጋ ሁለት ጊዜ የተላለፈ ቀጠሮ ነበር።

«ግባ ማሩ፤ ቁጭ በል» አሉት አቶ ሲራክ ስልኩን ዘግተው። የፋብሪካው አስተዳደር ኃላፊ ናቸው፤ በዕድሜ ከማሩ ያንሳሉ። መስማቱን አውቀው እንዳላወቁ ሆኑ። «ዋሽ አልልህም። እኔም ፈጣሪን እፈራለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ነው የምትጠየቀው። የማስክ መረከቢያው ላይ ያለው ፊርማ ያንተ ነው ወይስ አይደለም? የእህትህ ወጥ ቤት ጭስ ማውጫ አለው ወይስ የለውም? እውነቱን ትመልሳለህ፤ ትወጣለህ። በቃ።» ከዚያ መሳቢያቸውን ስበው አንዲት የታጠፈች ወረቀት አሳዩትና መልሰው ከተቷት። «ባለፈው ወር ያስመረመርናችሁ የትንፋሽ ውጤት ነው። ያንተ ጥሩ አይደለም። እዚያ ክፍል መቆየት የለብህም። ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ትገባለህ፤ ደመወዝህ አይነካም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ማሩ። ቃሉ ከአፉ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ግቢውን አቋርጦ በር እስኪደርስ ድረስ የሚያስበው ስለ ወንዳወቅ አልነበረም፤ ስለዚያች ወረቀት ነበር። ጥሩ አይደለም ማለት ምን ያህል ጥሩ አይደለም ማለት ነው? ማንን ይጠይቃል?

ማፍሰሻ ክፍሉን የማያውቅ ሰው ፍራሽ ሲሠራ ቢያይ ይደነቃል። ከሁለት በርሜል የሚቀዳው ኬሚካል ሳጥን ውስጥ ተቀላቅሎ ሲፈስ፣ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ እያለ ይነሣል፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የሰው ወገብ የሚደርስ ነጭ ስፖንጅ ይሆናል። ሲነሣ ታዲያ ይተነፍሳል። ትንፋሹ መጀመሪያ የጣፈጠ ነገር ይመስላል፤ ቀጥሎ ዓይን ያቃጥላል፤ ቀጥሎ ጉሮሮ ላይ ወርዶ ይቀመጣል። ነፋስ ከነካው ስፖንጁ ይሰነጠቃል ስለሚባል መስኮት አይከፈትም። ሰኞ ሰኞ የሠራተኛው ደረት በጠፍር እንደታሰረ ይሆናል፤ እሑድ ሲያርፉ ስለሚለቃቸው ሁሉም «ጉንፋን ነው» ብለው ያልፉታል። ጎንና ጎኑ ላይ ማጣሪያ ያለው ደህናው ማስክ የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማጣሪያው በሁለት ወሩ አለቀ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ የሚመጣው መዝገቡ ነበር። «ዕቃው መንገድ ላይ ነው፤ ቁጥጥር ሊመጣብን ነው፤ አንተ ብቻ ፈርምልን» ይሉታል። ማሩ ይፈርማል። ፊርማው ቆንጆ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለ መምህሩ ለክፍሉ ሁሉ አሳይተውለታል። ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ ያቺን ቆንጆ ፊርማ ማስክ በሌለበት ቦታ ላይ ሲያስቀምጥ፣ የፈረቃ ኃላፊ ማለት ይኸው ነው ብሎ ነው የተቀበለው።

መናኸሪያው ሲደርስ ብርቱካንና ወንዳወቅ ቀድመውት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጆቿን ሦስቱንም ለጎረቤት ትታ ነው የመጣችው። ጭኗ ላይ ትልቁን የራጅ ፖስታ፣ ከላዩ ዳቦ የያዘ ፌስታል አስቀምጣለች። ስታየው ፊቷ በራ።

«ጋሼ! መጣህ? እኔኮ ፋብሪካው አይለቅህም ብዬ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

«ለቀቁኝ» አለ ማሩ።

«አንተ ካለህማ ምን እፈራለሁ! ንገራቸው ጋሼ። ያንተን ቃል ማንም አይጥለውም፤ ኃላፊ ነህ።»

ወንዳወቅ በመስኮቱ በኩል ተደግፎ ተቀምጧል። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የአንገቱ ጅማቶች በእያንዳንዱ ትንፋሽ እየተወጠሩ ስለሚላሉ ግን ሽማግሌ ይመስላል። ሰላምታውን በሁለት ከፍሎ ነው ያወጣው፤ «አያ ማሩ... ደህና አደርክ?» ረዳቱ ታሪፉ ስድሳ ሆኖ ሳለ መቶ መቶ ብር ሲል ብርቱካን ሳትከራከር የሦስቱንም ከፈለች። ማሩ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ያዘችው። «ለኛ ብለህ አይደል የምትሄደው» አለችው።

ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለውን መንገድ ማሩ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ረዝሞበት አያውቅም። ስሪንቃን ሲያልፉ ይንገራት ብሎ አሰበ። ዞር ብሎ «ብርቱካን፣ እኔ የመጣሁት በፋብሪካው በኩል ነው» ቢላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ታልቃለች። ኬላ ላይ ግን ፍተሻ አለ ተብሎ ሁሉም ወረደ፤ ወንዳወቅ መውረድ ስላልቻለ ብርቱካን ራጁን ከፖስታው አውጥታ ለፈታሹ በፀሐይ አሳየችው። ፈታሹ ጎልማሳ ነው፤ ጥቁሩን ፊልም ወደ ብርሃን አንስቶ አየና ምንም እንደማያውቅ እያወቀ «አይዟችሁ» ብሎ መለሰላት። ተመልሰው ሲሳፈሩ ስለ ዘይት መወደድ፣ በአፍ የሚነፋው የወንዳወቅ መድኃኒት መርሳ ጠፍቶ ደሴ ድረስ እንደላኩ፣ ትንሿ ልጅ ጥርሷ እንደወለቀ አወራችው። እሱ «እህ» ይላል። ከዚያ ወልድያ ደረሱ።

ቦርዱ የሚቀመጠው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንዳወቅ በየአምስት ደረጃው ቆመ። ሰው ሁሉ እየተሻማ በጎናቸው ሲያልፍ፣ ብርቱካን በአንድ እጇ ወገቡን ደግፋ በሌላው ፖስታውን ይዛ፣ እንደማይቸኩል ሰው ጠበቀችው። ማሩ ከኋላቸው ነው፤ ሁለተኛው ዙር ላይ የራሱ ትንፋሽ ሲያጥርበት ስልክ የሚያይ መስሎ ቆመ። የችሎቱ በር ላይ የክፍላቸው ስፖንጅ ቆራጭ ሀፍሳ ብቻዋን ቆማ ስትጠብቅ አገኟት። የወንዳወቅ ምስክር እሷ ናት፤ ፈቃድ ሳትጠይቅ ነው ከሥራ የቀረችው። «አብሽር ወንዳወቅ» አለችው፤ «አላህ አለ።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ከኋላው ሦስት ሰዎች፣ መሐል መነጽር ያደረጉ ሴት ሰብሳቢ፤ ከፊት ለፊት እንደ ትምህርት ቤት የተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች። አቶ ሲራክ ከጠበቃቸው ጋር ፊት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ከሐኪም የመጣውን ደብዳቤ ጮክ ብለው አነበቡ፤ «የሕመምተኛው የመተንፈሻ አካል ጉዳት ከሚሠራበት ኬሚካል ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል» ይላል። ጠበቃው ተነሥቶ «‘ሊሆን ይችላል’ ነው የሚለው» አለና ተቀመጠ።

ሀፍሳ ቀርባ ማለች። «ማስክ የሰጡን አንድ ጊዜ ነው፤ ወላሂ። ከዚያ በኋላ እኔ ሻርፔን ነው አፌ ላይ የማስረው፤ ወንዳወቅም በፎጣ ነበር። ወንዳወቅ ሲገባ በርሜል ብቻውን የሚያንከባልል ሰው ነበር» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ጠበቃው ሰማያዊውን መዝገብ ገለጠ። «ምስክሯ አንድ ጊዜ ይላሉ፤ መዝገቡ አርባ ሁለት ጊዜ ይላል። ፈርሞ የተረከበው የክፍሉ ኃላፊ ራሱ እዚህ አለ፤ የከሳሽ ሚስት ወንድም ነው። ለኛ ሊያደላ የሚችል ሰው አይደለም» አለና ስሙን ጠራ። ማሩ ሲነሣ ብርቱካን እግሩን እንዲያሳልፍ ጉልበቷን ወደ ጎን አደረገችለት። ለማን ሊመሰክር እንደተነሣ ገና አልገባትም።

«ይህ ፊርማ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«አርባ ሁለቱም?»

«ሁሉም የኔ ናቸው።»

«የከሳሽን ቤት ታውቀዋለህ? ወጥ ቤቱ ጭስ ማውጫ አለው?»

ማሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውኃ ላስቲክ አየ። «የለውም» አለ።

«ኧረ ጋሼ» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ጩኸት አይደለም፤ የተገረመ ሰው ድምፅ ነው። «አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው?»

ሰብሳቢዋ እጃቸውን አነሡ፤ ብርቱካን ግን ቆማለች። እውነቷን ነው። ልትወልድ የደረሰች ጊዜ ነበር፤ ማሩ ሁለት እሑድ ከግራና ማገርና ጭራሮ ጭኖ፣ ጭቃውን በእግሩ አቡክቶ፣ ያቺን ወጥ ቤት በነጻ አቆመላት። ጭስ ማውጫውን «በኋላ እሠራልሻለሁ» ብሎ ነበር። «እመቤቴ፣» አለች ወደ ሰብሳቢዋ፣ «በዚያ ጭስ ውስጥ የምውለው እኔ ነኝ። ባሌ ወጥ ቤት ገብቶ እሳት እንኳ ቆስቁሶ አያውቅም። ጭስ የሚገድል ቢሆን እኔ ነበርኩ የምታመመው። ይኸው ቆሜያለሁ!»

«የጤና ባለሙያ ነሽ?» አላት ጠበቃው።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያውስ ተቀመጪ።»

ሰብሳቢዋ ጠበቃውን ገላምጠው የብርቱካንን ቃል በእጃቸው ጻፉ። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ማሩን ትክ ብለው አዩት። ደግ ሴት ይመስላሉ። «ምስክር፣» አሉት፣ «የምትጨምረው ነገር ካለ አሁን ተናገር። ማንም አይነካህም። ፊርማውን ስትፈርም ማስኩን ታየው ነበር ወይ?»

ለዚህ ጥያቄ ማንም አላዘጋጀውም። አቶ ሲራክ ዞረው አላዩትም፤ ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየው። ማሩ መሳቢያ ውስጥ ስላለችው ወረቀት አሰበ። «እኔም ታምሜያለሁ፤ ውጤቱን ደብቀውታል፤ አስመጡት» ማለት ይቻላል። ሀፍሳ ብቻዋን ያለችውን ሁለት ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ሳሉ ከሆዱ ስር ተነሥቶ ወደ ላይ መጣበት፤ እዚህ ፊታቸው ካሳለ መታመሙ ይታወቃል፤ ከታወቀ መጋዘኑም ክፍሉም የለም፤ ቤት ያሉት ሁለት ሴት ልጆቹ አሉ። ከንፈሩን ነክሶ ትንፋሹን አመቀ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰዎቹ ሐዘን መሰላቸው።

«አየው ነበር» አለ በመጨረሻ። «የምጨምረው የለኝም።»

ያን ቀን ከተናገረው ሁሉ ውሸቱ ያቺ አንዲት ቃል ነበረች።

ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ይነበባል ተባለ። ግቢው ውስጥ ካለች አንዲት ጽድ ሥር ተቀመጡ፤ የሚሄዱበት ሌላ ቦታ አልነበራቸውም፤ ወንዳወቅን ደግሞ ያለ ምክንያት ማንቀሳቀስ አይቻልም። ብርቱካን ዳቦውን አውጥታ ቆረሰች። ለሀፍሳ ሰጠች፤ ለባሏ ሰጠች፤ ሦስተኛውን ቁራሽ ማሩ አጠገብ ፌስታል ላይ ሳታየው አስቀመጠችው። አላነሣውም። ዝንብ መጣበት። የወንዳወቅ ትንፋሽ ሲገባ እንደ ፉጨት፣ ሲወጣ እንደ ተቀደደ ወናፍ ይሰማል። መጀመሪያ የተናገረችው ሀፍሳ ናት።

«ማሩ፣ መጋዘን ሰጡህ አይደል? ትናንት ዕቃ ቤቱ ሲያወራ ሰምቻለሁ።»

ማሩ ከዳቦው ላይ ዝንቡን እሽ አለ።

«እኔንማ ነገ ያባርሩኛል። ግድ የለም፤ ሪዝቁ፣ እንጀራው ከአላህ ነው» አለች ሀፍሳ። ሻርፗን አስተካክላ ተነሣችና ለሶላት ውኃ ፍለጋ ሄደች።

በስምንት ሰዓት ሰብሳቢዋ ቀና ሳይሉ አነበቡ። የመከላከያ ዕቃ ስለመሰጠቱ በሰነድና በምስክር ተረጋግጧል፤ ሕመሙ ከሥራው ለመምጣቱ የቀረበው ማስረጃ በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ ክሱ ውድቅ ነው፤ ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኝ ማለት ይችላል። ብርቱካን «ውድቅ» የሚለውን ስትሰማ ራጁን ወደ ፖስታው መለሰች። አቶ ሲራክ ሲወጡ ወንዳወቅን በሁለት እጅ ጨብጠው «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉት። ወንዳወቅም «አሜን» አለ።

ወደ መርሳ የሚመለሰው አመሻሽ ላይ የሚነሣ አንድ ሚኒባስ ብቻ ስለነበር ማሩም ከነሱ ጋር ተሳፈረ፤ የቀረው ወንበር ከወንዳወቅ አጠገብ ነው። ብርቱካን ከፊት ተቀመጠች። ስሪንቃ ሲደርሱ ወንዳወቅ ጉልበቱን ነካ አደረገው።

«አያ ማሩ... አትጨነቅ» አለው። ቃሉን እየቆራረጠ ነው የሚያወጣው። «ወጥ ቤቱስ... እውነት ነው። ጭስ ማውጫ... የለውም።»

ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ማሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ የማሽላው ማሳ፣ የተቃጠለው የጭነት መኪና ቅሪት፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አለፉ። 

መርሳ ሲወርዱ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ልትገባ ነበር። የዚያን ቀን ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል። ከአስፋልቱ እስከ ብርቱካን ቤት ያለው ዳገት ለጤነኛ ሰው አሥር ደቂቃ ነው። ማሩ ማንንም ሳይጠይቅ ተንበርክኮ ወንዳወቅን አዘለው። አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው፤ የሚከብድ አይደለም። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ግን የማሩ ደረት ተዘጋ። ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ ያመቀው ሳል ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ፤ ወንዳወቅን አጥር ጥግ አስቀመጠና ራሱም አጠገቡ ወደቀ። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያፏጩ የትኛው የማን ትንፋሽ እንደሆነ አይለይም ነበር። ብርቱካን ፖስታውን እንደያዘች ቆማ ሁለቱንም እያፈራረቀች አየች። ይህን ሳል ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሰምታዋለች፤ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።  የባሏን መድኃኒት ከቦርሳዋ አውጥታ ለወንዳወቅ ሁለት ጊዜ ነፋችለት። ትንሽ አመነታችና ለማሩም ዘረጋችለት።

ቤት ገብተው ወንዳወቅን ካስተኛች በኋላ ማሩ ልሂድ ብሎ ተነሣ። እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

«መጋዘን ሊገቡ ነው አሉ» አለችው።

ማሩ መጀመሪያ ከኋላው ሌላ ሰው ያለ መስሎት ዞረ። ከተወለደች ጀምሮ በጀርባው አዝሎ ያሳደጋት እህቱ ናት፤ «ጋሼ» ብላ «አንተ» ነው የምትለው። አንቱ ብላው አታውቅም። አንቱ የሚባለው ቄስ ነው፣ የማያውቁት ሽማግሌ ነው።

«ብርቱካን...»

«እርስዎ ከወጡ ማፍሰሻው ክፍል ሰው ይጎድላል። ሀፍሳም ነገ ትወጣለች። እኔን ይጠይቁልኝ።»

«አብደሻል? ያየሽውን አይተሽ? ሌላ ሰው ይግባ እንጂ አንቺ እንዴት ትገቢያለሽ!»

«ሌላ ሰው የሚሉት የማን እህት ናት?» አለችው። በቁጣ አልነበረም፤ ሰው የዕቃ ዋጋ እንደሚጠይቀው ነበር። «ሦስት ልጅ አለኝ። እሱ መድኃኒቱን ካጣ ሳምንት አይቆይም። ይግባኝ የሚሉት ነገር ደግሞ ጠበቃ ይፈልጋል። እኔ የማውቀው ሰው እርስዎን ነው።»

 እምቢ ቢላት ራሷ ሄዳ በሩ ላይ እንደምትቆም፣ አቶ ሲራክም ደስ ብሏቸው እንደሚቀበሏት ያውቃል። ቢያንስ የሚያውቀውን ይንገራት። «ሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚገባው» አለ። «ነጠላ አትልበሺ፤ ኬሚካሉ ይበላዋል። ፀጉርሽን እሰሪ። ሲያፈሱት... ሲያፈሱት ፊትሽን ወደ በሩ አዙሪ።»

«መስኮት አለው?»

«አለው። አይከፈትም።»

ራሷን ነቀነቀች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችውና፣ እንግዳ እንደሚሸኝ፣ ከኋላው ሁለት ርምጃ ቀርታ እስከ አጥሩ በር ሸኘችው።